የታፈነ ክር ሁሉ የሞተ ክር አይደለም

ኤሌክትሪክ ጊታር የሚጫወት ሰው የክሩ ድምፅ ሲታፈንበት መጀመሪያ የሚያስበው አሮጌውን ፈትቶ አዲስ መግጠም ነው። ብዙ ጊዜ ልክ ነው። ነገር ግን በዓለም ላይ እጅግ ከተደመጡት የቤዝ ጊታር ድምፆች አንዱ የወጣው ከአሮጌና ከታፈነ ክር ነው።

ሊዮ ፌንደር እ.ኤ.አ. በ1951 ፕሪሲዥን ቤዝን ለገበያ ሲያቀርብ የዘመኑ የቤዝ ክሮች ላያቸው ልሙጥ ነበር። በመሐለኛው ሽቦ ላይ የሚጠመጠመው ብረት ጠፍጣፋ ስለሆነ ድምፃቸው ከጅምሩ ወፍራምና ለስላሳ ነው። ፌንደር በዚህ ላይ በብሪጁ ክዳን ሥር ማፈኛ ስፖንጅ ጨመረበት።

ይህን ድምፅ ጥግ ያደረሰው የዲትሮይቱ የሞታውን ስቱዲዮ ቤዚስት ጄምስ ጀመርሰን ነው። ጊታሩ የ1962 ፕሪሲዥን፣ ክሩ ወፍራም ልሙጥ ላቤላ ነበር። ካልተበጠሰ በቀር አይቀይረውም። ክሩ ላብና እድፍ በጠገበ ቁጥር ቀጭኑ ጩኸት እየጠፋ መሠረቱ ብቻ ቀረ። የሱፕሪምስም፣ የፎር ቶፕስም፣ የማርቪን ጌይም ዘፈኖች የቆሙት በዚያ ላይ ነው። የጀመርሰን ስም ግን ለብዙ ዓመታት ሸክላዎቹ ላይ አልተጻፈም።

በዚያው ዘመን ለንደን ላይ የዘ ሁ ቤዚስት ጆን ኤንትዊስል ተቃራኒውን ይፈልግ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1966 ከሮቶሳውንድ ጋር ሆኖ በክብ ሽቦ የተጠመጠመ፣ እንደ ፒያኖ ጥርት ብሎ የሚጮህ የቤዝ ክር እንዲሠራ አደረገ። ዓለም ወደዚያ አዘነበለ። ሞታውን በ1972 ወደ ሎስ አንጀለስ ሲዛወር ጀመርሰንም ተከትሎ ሄደ፤ በዚያ ግን ፕሮዲውሰሮች የሚፈልጉት አዲሱን የጠራ ድምፅ ነበር። እሱ ክሩንም አጨዋወቱንም አልለወጠም፤ ሥራው እየሳሳ መጣ። በ1983 ከመሞቱ ጥቂት ቀደም ብሎ ያ ጊታር ተሰረቀ። የሮክ ኤንድ ሮል የክብር አዳራሽ ስሙን ያሰፈረው በ2000 ነው።

አዲሱ ክር ግን የራሱ ዕዳ አለበት። በክብ ሽቦው ጥምጥም መሐል ያሉት ስንጥቆች ላብና የቆዳ ብናኝ ይይዛሉ። ክሩ ይከብዳል፣ ክብደቱም ከቦታ ቦታ ይለያያል፤ መጀመሪያ የሚሞተው የላይኛው ቀጭን ድምፅ ነው። ገንዘብ ያጠራቸው ቤዚስቶች ክሩን በውኃ ቀቅለው፣ አድርቀው መልሰው ይገጥሙታል። ድምፁ ይመለሳል፤ ብዙ ግን አይቆይም።

ስለዚህ ክር ከመግዛት በፊት አንድ ጥያቄ ይቅደም፦ የታፈነው አንዱ ነው ወይስ ሁሉም? ሁሉም ከሆኑ ዕድሜ ነው፤ መጥረግ ወይም መቀየር ይበቃል። አንዱ ብቻ ከሆነ ሌላውም ይፈተሽ። ሲገጠም ተጠማዞ ይሆናል፤ ጥምጥሙ ላልቶ ይሆናል፤ በአንገቱ ጫፍ ያለው የክር ማረፊያ ስንጥቅ ሰፍቶ ይሆናል። ክፍት ሲመታ ታፍኖ ፍሬት ላይ ሲያዝ የሚጠራ ከሆነ፣ ጥፋቱ የማረፊያው እንጂ የክሩ አይደለም። ፒክአፑ ከዚያ ክር ርቆ ከሆነም ድምፁ ይደክማል፤ በብሎን ከፍ ማድረግ ይበቃዋል።

ይህ ሁሉ ተፈትሾ ምንም ካልተገኘ፣ የቀረው የጆሮ ምርጫ ነው። ኤንትዊስል ያንን ክር ይጥለው ነበር፤ ጀመርሰን ግን አይነካውም።