ተማሪ ለአገልግሎት ሲላክ

የዚህ የበዓል መጽሔት አዘጋጆች ከ12ኛ ክፍል አንድ የታሪክ ጽሑፍ እንዲቀርብ በጠየቁ ጊዜ ጓደኞቼ ስለ ዐድዋ ወይም ስለ አክሱም እንድጽፍ መከሩኝ። ስለ ሁለቱም ብዙ ሊቃውንት ስለ ጻፉ እኔ የምጨምረው የለኝም። ስለዚህ ትንሽ የሚመስል ነገር መረጥሁ፤ ይኸውም ተማሪ ትምህርቱን ሳይጨርስ ወደ ሕዝብ መካከል ለአገልግሎት የሚላክበት ሥራ በአገራችን እንዴት እንደ ተጀመረና ምን እንደ ደረሰበት ነው። ምክንያቱም ባለፈው ክረምት እኔም ራሴ ለስምንት ሳምንት ተልኬ ነበር። የተላክሁትም በትምህርት ቤታችን ሠፈር ያሉ እድሮች ተባብረው ወዳቋቋሙት የመረዳጃ ኅብረት ነው። በዚያ ያየሁትን በኋላ እጽፋለሁ፤ ታሪኩ ይቅደም።

በ1943 ዓ.ም. የተከፈተው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ከሌሎች ኮሌጆች ጋር ተዋሕዶ በ1954 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተባለ። በዚያን ጊዜ በየጠቅላይ ግዛቱ የነበሩት የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች መምህር ያጡ ነበሩ። በ1955 ዓ.ም. መባቻ ሦስት መቶ ያህል የአሜሪካ የሰላም ጓድ ወጣቶች መጥተው ወደ ጎንደር፣ ወደ ደሴ፣ ወደ ሐረር፣ ወደ ጅማና ወደ ሌሎችም ከተሞች ለማስተማር ተሠማሩ። እንግዲህ ከባሕር ማዶ የመጣ ወጣት ደሴ ገብቶ ሲያስተምር፣ የደሴው ልጅ አዲስ አበባ ተቀምጦ መጽሐፍ ብቻ ሲያነብ ማየት ለማንም ሰው ጥያቄ ሳይሆንበት አይቀርም።

ከዚህ ጥቂት ቆይቶ፣ ከ1957 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ጀምሮ፣ «የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት» የተባለው ሥራ ተጀመረ። በደንቡ መሠረት ተማሪው ዲግሪውን ከመቀበሉ በፊት ትምህርቱን አቋርጦ አንድ ዓመት ሙሉ ማገልገል ግዴታው ነበር። አብዛኞቹ በጠቅላይ ግዛት ከተሞች መምህራን ሆኑ፤ ጥቂቶች ደግሞ እንደ ትምህርታቸው ዓይነት በሌላ መሥሪያ ቤት ተመደቡ። የሚከፈላቸውም ደመወዝ ሳይሆን መኖሪያ የሚሆን አበል ነበር።

ይህን አንድ ዓመት እንደ ቅጣት የቆጠረው ተማሪ አልነበረም ለማለት አልችልም። አገልግሎት በግዴታ ሲሆን አገልግሎት መባሉ ይገባዋልን? ብሎ መጠየቅም ይቻላል። ነገር ግን እኔን የሚደንቀኝ አሠራሩ ነው። ሃያ አንድ ወይም ሃያ ሁለት ዓመት የሆነው ወጣት ከማያውቀው ከተማ ገብቶ ቤት ይከራያል፤ ከዚያች ቀን ጀምሮም ሰው ሁሉ «አስተማሪው» ይለዋል። ቢያረፍድ አርባና ሃምሳ ልጆች በር በሩን ያያሉ፤ ዳይሬክተሩ ይጠይቀዋል፤ የተማሪዎቹ ወላጆች ገበያ ላይ ያገኙታል። ወረቀቱን የሰጠው ዩኒቨርሲቲው ቢሆንም በየዕለቱ ሥራውን የሚመዝነው ያ ከተማ ነበር።

ብዙ ጊዜ ሰዎች የአገልግሎቱ ተማሪዎች የባላገሩን ችግር አይተው ስለ ተመለሱ «መሬት ላራሹ» የሚለው ጥያቄ ተነሣ ሲሉ እሰማለሁ። ይህ ነገር በጥቂቱ መታረም አለበት። ተማሪዎች ያንን ጥያቄ ይዘው አደባባይ የወጡት በየካቲት ወር 1957 ዓ.ም. ነው፤ በዚያን ጊዜ ደግሞ የመጀመሪያዎቹ አገልጋዮች ገና በየተመደቡበት ነበሩ፤ አልተመለሱም። ከዚያ በኋላ የተመለሱት ጥያቄውን አጠናከሩት ቢባል ግን ትክክል ነው፤ ጭሰኛ ማለት ምን እንደ ሆነ ከመጽሐፍ ሳይሆን ከተማሪያቸው ከጭሰኛው ልጅ ተምረዋልና።

በ1966 ዓ.ም. አብዮት ፈነዳ፤ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ 12 ቀን «የዕድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ» ተጀመረ። ዩኒቨርሲቲው ተዘጋ፤ ከ11ኛና ከ12ኛ ክፍል እንዲሁም ከዩኒቨርሲቲ የተውጣጡ ተማሪዎች ከመምህራን ጋር ሆነው፣ በጠቅላላው 60,000 ያህል ሰዎች፣ ካኪ ለብሰው ወደ ገጠር ዘመቱ። እኔ በምጽፍበት ዕድሜ ያሉ ማለት ነው። ፊደል አስተማሩ፤ ጉድጓድ ቆፈሩ፤ የካቲት 25 ቀን የገጠር መሬት አዋጅ በወጣ ጊዜም አዋጁን ለገበሬው ያስረዱና የገበሬ ማኅበራትን ያደራጁ እነርሱ ነበሩ። ይህ ታላቅ ሥራ መሆኑን የሚክድ ሰው ያለ አይመስለኝም።

ሆኖም ዘመቻው በብዙ ቦታ በጠብ ተፈጸመ። ከባለ መሬት፣ ከፖሊስ፣ ከአስተዳዳሪዎችም ጋር ግጭት ተነሣ፤ ሕይወታቸውን ያጡ ወጣቶች አሉ፤ ብዙዎችም ጣቢያቸውን ጥለው ተመለሱ፤ ከአገር የወጡም ነበሩ። ዘመቻው በ1968 ዓ.ም. አበቃ። ከዚያ ወዲህ ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻም ብዙ ወጣቶችን አሠማርቷል፤ በዓለምም ሽልማት አግኝቷል፤ የእርሱ ታሪክ ግን ረጅም ስለ ሆነ እዚህ አልገባበትም።

ወደ እድሮቹ ልመለስ። እድር ከጣልያን ወረራ በኋላ በከተሞች እጅግ የተስፋፋ የመረዳጃ ማኅበር መሆኑን አንባቢ ሁሉ ያውቃል፤ በየወሩ ጥቂት ገንዘብ እየተዋጣ ሰው ሲሞት ድንኳንና ወንበር፣ ብረት ድስትና ሳህን ይወጣል፤ ቀባሪም አይጠፋም። በ1990ዎቹ ዓ.ም. የኤች አይ ቪ በሽታ ብዙ ቤት ሲያፈርስ አንዳንድ እድሮች ሰውን ከሞተ በኋላ ብቻ ከመርዳት በሕይወት ሳለ መርዳት ይሻላል ብለው ወላጅ አልባ ልጆችንና ሕሙማንን መደገፍ ጀመሩ። እኔ የተላክሁበት ኅብረትም ችግረኛ አረጋውያንን በየወሩ በዱቄትና በዘይት ይረዳል።

የኅብረቱ ጸሐፊ በ1967 ዓ.ም. የ11ኛ ክፍል ተማሪ ሳሉ ዘምተዋል። በመጀመሪያው ቀን ዕቅድ ጽፌ ይዤ ቀረብሁ፤ ስምንት ሳምንት ምን እንደምሠራ በሠንጠረዥ አስምሬ ነበር። እርሳቸውም መነጽራቸውን አድርገው እስከ መጨረሻው አነበቡትና «በጣም ጥሩ ነው ልጄ፤ አሁን ድንኳኑ ትናንት ዝናም መቶታልና ነይ እናስጣው» አሉኝ። የመጀመሪያውን ሳምንት ድንኳን በማስጣትና ሳህን በመቁጠር ጨረስሁ። እውነቱን ለመናገር ተቀይሜ ነበር።

በሁለተኛው ሳምንት መዝገቡን ሰጡኝ። ሥራዬ በየቤቱ እየሄድሁ አረጋውያኑ በቤታቸው መኖራቸውንና መታመም አለመታመማቸውን መጻፍ ነበር። ከአንዲት እናት ቤት ሁለት ጊዜ ሄጄ በሩ ተቆልፎ ስላገኘሁት በስማቸው አንጻር «የሉም» ብዬ ጻፍሁ። በወሩ መጨረሻ ዱቄት ሲታደል ስማቸው ታለፈ። ከሁለት ቀን በኋላ ጎረቤታቸው መጥተው ነገሩን ተናገሩ፤ እኒያ እናት ለካ ከአልጋ መነሣት ስለ ማይችሉ የልጅ ልጃቸው ወደ ሥራ ስትሄድ በሩን ከውጭ ትቆልፍባቸዋለች።

ጸሐፊው አልተቆጡኝም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ዱቄቱን እኔ ተሸክሜ፣ ዘይቱን እርሳቸው ይዘው ማታ አብረን ሄድን። እናትየዋም ማንነቴን ሲሰሙ «የለችም ያልሽኝ አንቺ ነሽ?» ብለው ሳቁ። እኔ ግን መሳቅ አልቻልሁም።

በመንገድ ላይ ጸሐፊው ስለ ዘመቻው ነገሩኝ። እርሳቸውና ጓደኞቻቸው ከአንድ መንደር ጉድጓድ ቆፍረው ነበር፤ ቦታውን የመረጡት ተማሪዎቹ ናቸው። ውሃው ወጣ፤ ነገር ግን ቦታው ሴቶቹ ለመሄድ የሚፈሩበት ገደል አጠገብ ነበር። «የምንጠየቀው ለጣቢያው ነበር፤ ጣቢያውም ጉድጓድ ተቆፈረ ብለን ስንጽፍለት ደስ አለው» አሉኝ። ማንም ሴት ከመቆፈሩ በፊት አልተጠየቀችም።

ከዚያች ሌሊት ጀምሮ ሁለቱን ታሪኮች አስተያያለሁ። የዩኒቨርሲቲው አገልጋይ ከዘማቹ የበለጠ ትጉህ ወይም የበለጠ ደግ ነበር አልልም፤ ዘማቹ ያየው መከራ ይበልጣል። ነገር ግን አንደኛው የሚጠየቅበት ሰው በመንገድ ላይ የሚያገኘው ሰው ነበር፤ የሁለተኛው ጠያቂ ግን ሩቅ ነበረ። የእኔም ስሕተት በሁለት ቀን የተገለጠው ጎረቤቷ ጸሐፊውን በስሙ ጠርታ በሩን የምታንኳኳ ሴት ስለ ሆነች ነው። ሪፖርቴን የላክሁት ከሠፈሩ ውጭ ላለ መሥሪያ ቤት ቢሆን ኖሮ «የሉም» የሚለው ቃል እስከ ዛሬ በመዝገቡ ላይ ይቀመጥ ነበር፤ እኔም የምስክር ወረቀቴን ተቀብዬ እሄድ ነበር።

አሁን የዩኒቨርሲቲው አገልግሎት የለም። ኮሌጆች ለተግባር ልምምድ ተማሪዎቻቸውን ወደ ልዩ ልዩ ድርጅቶች ይልካሉ፤ በክረምትም የበጎ ፈቃድ አገልግሎት አለ። ጥቂት ትልልቅ ተማሪዎችን ስለ ልምምዳቸው ጠይቄ ነበር፤ አብዛኞቹ የነገሩኝ የሪፖርቱ ገጽ ስንት መሆን እንዳለበት ነው።

ስምንቱ ሳምንት ካለቀ በኋላም እስከ ፈተናው ድረስ በየቅዳሜው እሄድ ነበር። በዚህ ዓመት በእኔ ፈንታ ሁለት የ11ኛ ክፍል ተማሪዎች ተልከዋል። መዝገቡን ሳስረክባቸው ከእኒያ እናት ስም አንጻር የነበረውን «የሉም» ሰርዤ ከጎኑ «በጓሮ በኩል ባለው መስኮት ይጠሩ» ብዬ ጽፌበታለሁ። ድንኳኑን ማስጣት እንደ ጀመሩም ሰምቻለሁ።