ሰባቲካል

በዩኒቨርሲቲ ግቢ «ዶክተር እኮ ሰባቲካል ወጥተዋል» ሲባል፣ ብዙ ተማሪ መምህሩ እቤታቸው ያረፉ ይመስለዋል። ሥሩስ በእርግጥ ዕረፍት ነው፤ ከዕብራይስጡ «ሻባት» ተነሥቶ በግሪክና በላቲን በኩል አልፏል። የእኛው «ሰንበት» የቅርብ ዘመዱ ነው። በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 25 እንደተደነገገው፣ ስድስት ዓመት የታረሰ መሬት በሰባተኛው ያርፋል።

ይህ የሰባተኛ ዓመት ዕረፍት ወደ ኮሌጅ ሥርዓት የገባው በሃርቫርድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1880 የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት ቻርልስ ኤልየት፣ የሳንስክሪት ሊቁን ቻርልስ ላንማንን ከጆንስ ሆፕኪንስ ለማምጣት ሲሉ በየሰባተኛው ዓመት በግማሽ ደመወዝ የሚወሰድ ፈቃድ አቀረቡላቸው። ሌሎች ኮሌጆችም ተከተሉ።

ዛሬ ቃሉ ከዓመት ፈቃድ ፈጽሞ ይለያል። መምህሩ ሊሠሩ ያሰቡትን አስቀድመው በጽሑፍ ያቀርባሉ፣ ሲመለሱም የሠሩትን ያሳያሉ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሴኔት ሕግም ያውቀዋል።

የፈተና ወረቀት ሲያርም የሚያመሽ፣ ከስብሰባ ወደ ስብሰባ የሚሮጥ ምሁር ያቋረጠውን መጽሐፍ የሚጨርሰው ይህን ጊዜ ሲያገኝ ነው። የትምህርት ክፍሎች ተተኪ መምህር በጊዜ መድበው ተራው የደረሰውን ሊለቁት ይገባል።