በቸነፈር ዘመን የተገለጠ ፍቅር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፥ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን! ሰው በጥጋብና በሰላም ዘመን «እግዚአብሔር ይመስገን» ማለት አይከብደውም። ጎተራው የሞላ፥ ልጆቹም ጤነኞች ሲሆኑ ጸሎትና ምስጋና ከአፉ ያለ ድካም ይወጣሉ። ነገር ግን ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስ ለተሰሎንቄ ምእመናን ሲጽፍ ሳናቋርጥ እንድንጸልይ፥ በሁሉም ነገር እንድናመሰግን አዘዘ እንጂ፥ የደስታውን ቀን ከመከራው ቀን ለይቶ አልተናገረም። ታዲያ ይህ ትእዛዝ ሞት በደጃፍ በቆመበት ቀን ሊፈጸም ይችላልን? ለዚህ ጥያቄ መልስ እንድናገኝ ዛሬ ወደ 3ኛው መቶ ዓመት ተመልሰን በእስክንድርያና በካርታጎ የነበሩትን ክርስቲያኖች እንመለከታለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

እስክንድርያ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ባዕድ ከተማ አይደለችም። በ4ኛው መቶ ዓመት ቅዱስ አትናቴዎስ ፍሬምናጦስን፥ ይኸውም አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃንን፥ ጳጳስ አድርጎ የላከልን ከዚያ ነው። ከዚያም ወዲህ ብዙ መቶ ዓመታት ጳጳሳታችን ከዚያው መንበር ሲሾሙልን ኖረዋል።

በ249 ዳኬዎስ በሮም ነገሠ። ወዲያውም ሰው ሁሉ ለአማልክት እንዲሠዋ፥ የሠዋም የምስክር ወረቀት እንዲቀበል አዘዘ። ከእነዚያ ወረቀቶች አያሌዎቹ በግብፅ ምድር ተቀብረው ቆይተው በዘመናችን ሊቃውንት እጅ ገብተዋል። ትእዛዙን እንቢ ካሉት ብዙዎች ተገደሉ፤ ብዙዎች ደግሞ ፈርተው ካዱ። የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳስ ዲዮናስዮስም በወታደሮች ተይዞ ሲወሰድ፥ በአንድ የሠርግ ቤት የነበሩ የገጠር ሰዎች ወሬውን ሰምተው በሌሊት እየጮኹ ደረሱለት። ወታደሮቹ ሸሹ። ዲዮናስዮስ ግን የመጡት ሰዎች ወንበዴዎች መስለውት በአጠገቡ የነበረውን ልብስ እንዲወስዱ ሰጣቸው! ይህን ስለ ራሱ የጻፈው እርሱ ነው፤ ጽሑፉንም የቂሣርያው አውሳብዮስ በቤተ ክርስቲያን ታሪኩ ጠብቆልናል።

ከስደቱ በኋላ መከራው አላበቃም። በከተማው ውስጥ የርስ በርስ ጦርነት ተነሣ፤ ጦርነቱንም ቸነፈር ተከተለው። ይህ ቸነፈር በሮም ግዛት እየበረደና እያገረሸ ብዙ ዓመታት ቆየ። የጥፋቱን ብዛት ዲዮናስዮስ ከመንግሥቱ የእህል መዝገብ አስረዳ። ቀድሞ ከ40 እስከ 70 ዓመት ዕድሜ ያላቸው ብቻ፥ አሁን ከ14 እስከ 80 ዓመት ከሚሆናቸው እህል ተቀባዮች ሁሉ በቍጥር ይበልጡ እንደ ነበር ገለጠ። አስከሬን ያልወጣበት ቤት አልነበረም።

የፋሲካ በዓል በቀረበ ጊዜ ዲዮናስዮስ ለምእመናን እንደ ልማዱ መልእክት ጻፈ። ከተማው ሁሉ ለቅሶ ሲሆን በዓል እንዴት ይከበራል? እርሱ ግን ክርስቲያኖች በስደቱም ጊዜ በበረሃ፥ በመርከብና በወህኒ ቤት ሳይቀር በዓላቸውን እንዳላስታጐሉ አስታወሰ። ቀጥሎም የምእመናኑን ሥራ መሰከረ። ብዙ ሰዎች ገና ሕመም የጀመረውን ዘመዳቸውን ከቤት ሲያስወጡ፥ ሞቶ ያላለቀውንም በመንገድ ሲጥሉ፥ እነርሱ ለነፍሳቸው ሳይሳሱ በሽተኞችን አስታመሙ። የሞቱትን ዓይን ከደኑ፥ አጠቡ፥ ገነዙ፥ በትከሻቸው ተሸክመው ቀበሩ። ጥቂትም ሳይቈዩ ራሳቸው ተከትለው ሞቱ። ከእነርሱም መካከል ቀሳውስትና ዲያቆናት ነበሩ። ዲዮናስዮስ ይህን ሞት ከሰማዕትነት አላሳነሰውም።

በካርታጎ፥ ዛሬ ቱኒዝያ በምትባለው አገር፥ ኤጲስ ቆጶሱ ቆጵርያኖስ ነበረ። በዳኬዎስ ስደት ጊዜ የከተማው ሕዝብ «ለአንበሳ ይሰጥ» እያለ የጮኸበት ሰው ነው። ቸነፈሩ በገባ ጊዜ ይኸው ሰው ምእመናኑን ሰብስቦ፥ ወገንን ብቻ መርዳት ቀራጭም የሚያደርገው ነውና፥ እናንተ ግን የማያምኑትንና ያሳደዷችሁንም ርዱ ብሎ አስተማራቸው። ሥራውንም ለሁሉ እንደ አቅሙ አከፋፈለ። ባለጸጋው ገንዘቡን ሰጠ፤ ድኻውም የሚሰጠው ገንዘብ ቢያጣ ጕልበቱን ሰጠ። በ258 መስከረም 14 ቀን የሞት ፍርድ በተነበበለት ጊዜ ቆጵርያኖስ እግዚአብሔርን አመሰገነ፤ ለሚሰይፈውም ሰው 25 የወርቅ ዲናር እንዲሰጠው አዘዘ። ወዳጆች ሆይ! የዚህ ሰው ምስጋና ከሰይፍ በታች የተገኘው፥ አስቀድሞ በበሽተኞች አልጋ አጠገብ ስለ ተለማመደው ነው።

ይህ ፍቅር ፍሬ አፍርቶአልን? አዎን። በ312 ገደማ በላይኛው ግብፅ አንድ አረማዊ ወጣት በግዳጅ ለውትድርና ተይዞ ከጓደኞቹ ጋራ ታስሮ ሳለ፥ የማያውቃቸው ሰዎች በማታ ምግብና መጠጥ ይዘው መጡ። እነማን እንደ ሆኑ ቢጠይቅ «ክርስቲያኖች ናቸው» ተባለ። በዚያች ሌሊት ወደማያውቀው አምላክ ጸለየ፤ ከዚህ እስር ቢወጣም ሰውን ሁሉ ሊያገለግል ተሳለ። ይህ ወጣት የገዳም አንድነት ኑሮን ሥርዓት የሠራው አባ ጳኩሚስ ነው። ሥርዓቱም በግዕዝ ተጽፎ ገዳሞቻችን ደርሶአል። እንግዲህ አስተውሉ፤ ያን እንጀራ ያቀረቡት ሰዎች ስማቸው እንኳ አልተጻፈም።

ምናልባት አንዳንድ ሰው «እንግዲያስ ክርስቲያን ከበሽታ መጠንቀቅ አይገባውምን?» ይል ይሆናል። የቀድሞዎቹ ሰዎች በሽታ እንዴት እንደሚተላለፍ አያውቁም ነበር፤ እኛ ግን እናውቃለን። አባቶቻችን በ1911 ዓመተ ምሕረት የኅዳር በሽታን አዩ፤ እኛም በ2012 ዓመተ ምሕረት የኮሮናን ወረርሽኝ አየን። በዚያን ጊዜ አፍን መሸፈንና መራራቅም ለባልንጀራ ማሰብ ነበረ። የሐኪምን ምክር መጠበቅ ፍቅርን አይሽርም። ፍቅርን የሚሽረው፥ ጥንቃቄን ሰበብ አድርጎ ብቻውን የቀረውን ሰው መርሳት ነው።

ስለዚህ የመከራ ቀን ሲመጣ ታላቅ ነገር ለመሥራት አንጠብቅ። የታመመ ጎረቤት ካለ ውኃ እናቅርብለት፤ የተጣላን ወንድም ካለ ዛሬውኑ እንታረቀው፤ ማታ ስንጸልይም የበደለንን ሰው ስም ከጸሎታችን አናጕድል። ስለ ተረፈልንም እናመስግን፤ ምስጋናችን ግን ሌላው ባጣው ነገር የመደሰት እንዳይሆን፥ ከተረፈልን ላጣው እናካፍል።

በመከራ ጊዜ አገልጋዮቹን ያጸና አምላክ እኛንም በፍቅር ያጽናን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።