የነጭ ጋዝ ፍሪጅ እና የበረዶ ፍሪጅ

የባቻችን ልጆች፣ ስለ ክትባት ሲወራ ስሙ የሚነሳው ሐኪሙና መርፌው ነው። እኔ ግን ዘንድሮ ስለ ፍሪጁ ልጻፍ። ከመካነ ኢየሱስ ወጣ ብለን የእስቴን፣ የስማዳንና የጋይንትን ገጠር ካሰብን፣ የክትባት ታሪክ ግማሹ የፍሪጅ ታሪክ ነውና።

ፈንጣጣ ሲጠፋ ፍሪጅ ይህን ያህል አላስቸገረም። በአገራችን ዘመቻው በ1963 ዓ.ም. ተጀመረ፣ የመጨረሻው በሽተኛም በነሐሴ 1968 ኦጋዴን ውስጥ ተገኘ። ክትባቱ የደረቀ ስለነበር ከታቢዎቹ በእግር ቆላ ሲወርዱም ለሳምንታት ሙቀት ይችል ነበር።

በ1972 ዓ.ም. የተስፋፋው የክትባት ፕሮግራም ሲጀመር ነገሩ ተለወጠ። ሳንባ ነቀርሳ፣ ዘጊ አናዳ፣ ትክትክ፣ መንጋጋ ቆልፍ፣ ፖሊዮና ኩፍኝ፦ ስድስት በሽታ፣ ክትባታቸውም ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ የሚፈልግ። መብራት ደግሞ ከከተማ አልፎ ወደ ገጠር ለመድረስ ብዙ ዘመን ፈጀ፤ ዛሬም ያልደረሰበት ቀበሌ አለ። ስለዚህ መፍትሔው በእሳት ማቀዝቀዝ ሆነ።

ቀልድ አይደለም። ሁለት የስዊድን ተማሪዎች፣ ባልትዛር ፎን ፕላተንና ካርል ሙንተርስ፣ እ.ኤ.አ. በ1922 የፈጠሩት ፍሪጅ ሞተር የለውም። ከሥር የሚነደው ነበልባል አሞንያን ከውሃ ይለየዋል፤ አሞንያው ፈሳሽ ሆኖ መልሶ ሲተን ከሳጥኑ ውስጥ ሙቀት ይስባል። ግሩም ነገር ነው፤ ጣጣው ግን ብዙ ነው። ክሩ በየጊዜው መከርከም፣ ጥላሸቱ መጠረግ አለበት፤ ፍሪጁ ትንሽ ካዘነበለ አይሠራም፤ በቀን ወደ አንድ ሊትር ነጭ ጋዝ ይጠጣል። መኪና በማይገባበት አገር ያ ጋዝ በአህያ ነው የሚጓዘው። ጋዙ ሲያልቅ ክትባቱ ይሞቃል፤ ነበልባሉ ሲበዛ ደግሞ በረዶ ይሆናል።

እኔን ከሙቀቱ ይልቅ የሚያስፈራኝ ይኸኛው ነው። ጉና ሥር ውርጭ ብርቅ አይደለም። የመንጋጋ ቆልፍ ክትባትም ሆነ ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ የምንሰጠው ፔንታቫለንት አንዴ በረዶ ከሆነ ኃይሉን ያጣል። ብልቃጡ ላይ ያለችው ምልክት የምትናገረው ደግሞ ሙቀቱን ብቻ ነው። እንዲህ ከሆነ መዝገቡ ይሞላል፣ እናቲቱ ካርዷን ይዛ ትሄዳለች፣ ሕፃኑ ግን አልተከተበም።

ቀጥሎ የመጣው የፀሐይ ፍሪጅ ባትሪ ነበረው። የእርሳስ ባትሪ በጥቂት ዓመታት ይሞታል፤ ቀያሪ ካልተገኘ ፓነሉ ጣሪያ ላይ እያበራ ፍሪጁ ቁም ሳጥን ይሆናል። በብዙ አገር ባትሪው ለመብራትና ለሬዲዮ ይወሰድ እንደነበርም ይታወቃል፤ ማን ይፈርዳል?

መላውን ያገኙት ባትሪውን የጣሉት ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2001 ዩኒሴፍ፣ የዓለም ጤና ድርጅት፣ ግሪንፒስና ሌሎችም ሶላርቺል የተባለውን ሥራ ጀመሩ። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ ፀሐይ ስትኖር ውሃ አቀዝቅዞ በረዶ ማድረግ፣ ማታ በዚያው በረዶ መክረም። አንድ ኪሎ በረዶ ሲቀልጥ 334 ኪሎ ጁል ሙቀት ይወስዳል፤ 11 ኪሎ ገደማ በረዶ የአንድ ኪሎዋት ሰዓት ያህል ቅዝቃዜ ያስቀምጣል ማለት ነው። ውስጡ የሚዞረው ጋዝም አይሶቡቴን ነው። የድሮው ፍሪዮን ከካርቦን ዳይኦክሳይድ አሥር ሺህ እጥፍ ገደማ ምድርን ያሞቃል፤ አይሶቡቴን ግን ከዚያ ጋር ሲነጻጸር ከቁጥር አይገባም።

በዩኒሴፍና በጋቪ ድጋፍ እነዚህ ፍሪጆች ወደ አገራችን ጤና ጣቢያዎችና ጤና ኬላዎች ገብተዋል። የካርቦኑን ሒሳብ ከፈለጋችሁ፣ በቀን አንድ ሊትር ነጭ ጋዝ በዓመት 900 ኪሎ ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል። እውነቱን ለመናገር፣ ለዓለም ኢምንት ነው፤ የጤና ኬላ ፍሪጅ በካርቦን ስም ብቻ ሲሞገስ አይጥመኝም። ለእኛ ትርፉ የጋዝ ጉዞው መቅረቱና ከበረዷማው ግድግዳ በደንብ የተለየው የክትባት ክፍል ነው።

ክረምቱ ግን ፈተና ነው። መስፈርቱ ፍሪጁ ያለ ፀሐይ ቢያንስ ሦስት ቀን እንዲቆይ ይጠይቃል፤ የሐምሌ ጭጋግ ደግሞ መስፈርት አያነብም። ፓነሉ መመጠን ያለበት በመስከረም ፀሐይ ሳይሆን በሐምሌና በነሐሴ ነው፤ ጥላ የሚጥል ባሕር ዛፍም ካለ አስቀድሞ ይታይ።

አሁን ደግሞ ፍሪጁ የማይፈልገውን ትርፍ ኃይል ለአምፖል የሚያወጣ መሣሪያ መጥቷል፤ ሌሊት ለምታዋልድ ሠራተኛ ትልቅ ነገር ነው። አምፖሉ ማታ እንዲበራ ትንሽ ባትሪ ያስፈልገዋል፤ ስለዚህ ባትሪው በጓሮ በር ተመልሶ ገባ። እሱ ቢሞት ግን ክፍሉ ይጨልማል እንጂ ክትባቱ አይበላሽም።