መሬት በኤኮኖሚ ሊቃውንት ዐሳብና በቆቦ ሜዳ

የኤኮኖሚ ዕውቀት ራሱን ችሎ መቆም በጀመረበት ዘመን፥ ከቀደሙት ጥያቄዎች አንዱ የመሬት ጥያቄ ነበር። ፈረንሳዊው ሐኪም ፍራንስዋ ኬኔ እ.ኤ.አ. በ1758 ባዘጋጀው ሰንጠረዥ፥ ትርፍ ሀብት የሚገኘው ከእርሻ ብቻ እንደ ሆነ፥ ነጋዴና አንጥረኛ ግን የተገኘውን መልኩን ከመለወጥ በቀር እንደማይጨምሩበት አስተማረ። እንግሊዛዊው ዴቪድ ሪካርዶ እ.ኤ.አ. በ1817 ባሳተመው መጽሐፉ ደግሞ፥ ባለመሬቱ የሚቀበለው ኪራይ ከአፈሩ ጋራ ለተፈጠረውና ለማይጠፋው ኀይል የሚከፈል ዋጋ መሆኑን ገለጠ። በእርሱ አስተያየት የኪራዩ ልክ በለሙ መሬትና በጭንጫው መሬት መካከል ያለው ልዩነት ነው።

ይህ ትምህርት በሰሜን ወሎ ቆላ፥ በቆቦና በራያ ሜዳ ሲመዘን ጕድለቱ ይታያል። የሜዳው ዝናም የማይታመን ስለ ሆነ፥ ማሽላው ተስፋ የሚያደርገው ከምዕራቡ ደጋ እንደ ጎሊናና እንደ ሆርማት ባሉ ወንዞች የሚወርደውን ጎርፍ ነው። ገበሬው ጎርፉን በአፈር፥ በድንጋይና በቅርንጫፍ ጠልፎ በቦይ ወደ ማሳው ይመራዋል። ጎርፉ ከውኃው ጋራ ከደጋ የታጠበ ደለል ያመጣል፤ ስለዚህ የአፈሩ ኀይል አንድ ጊዜ ተሰጥቶ የቀረ ሳይሆን በየክረምቱ የሚታደስ ነው። የማይጠፋም አይደለም፤ ወንዙ መንገዱን በለወጠ ጊዜ ማሳውን ሸርሽሮ ይወስደዋል፥ ወይም በአሸዋ ይቀብረዋል። ጠለፋውም በአንድ ሰው ጕልበት አይጸናም፤ ጎርፍ በናደው ቍጥር ብዙዎች ተባብረው ያድሱታል።

እንግዲህ ለዚህ ሜዳ ይልቅ የሚቀርበው የነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ዐሳብ ነው። በ1911 ዓ.ም. ካረፉ በኋላ፥ በ1916 ዓ.ም. በታተመው «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» በተባለው መጽሐፋቸው፥ ሀብት ከሥራና ከዕውቀት እንደሚገኝ፥ ተፈጥሮም ለሰው የምትሰጠው በዕውቀቱ መጠን እንደ ሆነ አስረድተዋል።

የነገሩ ክብደት በሕግ ላይ ይገለጣል። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት አድርጎ፥ ለአንድ ቤተ ሰብ ከ10 ሄክታር የማይበልጥ ይዞታ ወሰነ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑን አጸና። ነገር ግን በቆቦ በስፋት የተስተካከሉ ሁለት ማሳዎች፥ አንዱ በቦዩ ራስ፥ ሁለተኛው በቦዩ ጅራት ቢሆኑ፥ እኩል መሬት አይባሉም፤ ጎርፍ ባነሰበት ዓመት የላይኛው ሲጠጣ የታችኛው ይደርቃል። በዚህ አገር መሬት ማለት አፈሩ፥ የጎርፉ ተራና ጠለፋውን የሚያድሰው ኅብረት በአንድነት ነው። ሦስቱን ነጣጥሎ የሚደለድል ሕግ አፈሩን ቢሰጥ እንጀራውን አይሰጥም።