«አጋዥነት» እና «ፕሮቴቶራቶ»፦ የረቂቅ ስም ፍቺ ከታሪክ አንጻር

ጎረቤላ የአንኮበር ወረዳ መቀመጫ ናት። በአጠገቧ ባለችው በጥንታዊቷ የሸዋ መናገሻ በአንኮበር ንጉሥ ምኒልክና የኢጣሊያው መልእክተኛ ኮንት አንቶኔሊ በግንቦት 1875 ዓ.ም. የወዳጅነትና የንግድ ውል ተዋዋሉ። እነዚሁ ተዋዋዮች ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ውጫሌ ላይ ሌላ ውል ፈረሙ፤ የአማርኛውና የጣሊያንኛው ጽሑፍ እኩል እንዲታመን በ19ኛው አንቀጽ ተደነገገ።

በ17ኛው አንቀጽ ላይ የተነሣው ክርክር ዘወትር የሚያተኩረው በግሡ ነው፤ ይኸውም አማርኛው «ይቻላቸዋል» ሲል ጣሊያንኛው ንጉሠ ነገሥቱ በኢጣሊያ መንግሥት አማካይነት ለመላላክ «ይስማማሉ» ማለቱ ነው። እኛ ግን እዚህ ላይ ስሙን እንመረምራለን።

የአማርኛው ጽሑፍ መላላኩ «በኢጣልያ መንግሥት አጋዥነት» እንደሚሆን ይናገራል። «አጋዥነት» «አጋዥ» ከሚለው የአድራጊ ስም በ«-ነት» የተመሠረተ ሲሆን፣ የሚያመለክተው የረጂውን ድርሻ ብቻ ነው። ጉዳዩ ግን ምንጊዜም የተረጂው ነው፤ በእርሻ ያገዘ ሰው የማሳው ባለቤት አይሆንምና።

ኢጣሊያ በጥቅምት 1882 ዓ.ም. የ1877ቱን የበርሊን ስምምነት 34ኛ አንቀጽ ጠቅሳ ውሉን ለኃያላን መንግሥታት ስታስታውቅ፣ አንቀጹ «ፕሮቴቶራቶ»ን እንደሚያቆም ተደርጎ ተወሰደ። ስሙ ግን በ17ኛው አንቀጽ በጣሊያንኛውም እንኳ አይገኝም።

የሁለቱን ጽንሰ ሐሳቦች ልዩነት እስፓኝኛ አጉልቶ ያሳያል። «ፕሮቴክሲዮን» ማናቸውም ጥበቃ ወይም ከለላ ነው። «ፕሮቴክቶራዶ» ግን አንድ መንግሥት የሌላውን የውጭ ጉዳይ በእጁ የሚይዝበት ሥርዓት ነው፤ እስፓኝ እ.ኤ.አ. ከ1912 እስከ 1956 በሞሮኮ ከፊል ግዛት የነበራት ሥልጣን በዚህ ስም ይጠራ ነበር። «-አዶ» የተባለው መድረሻ ሹመትንና የሹመት ግዛትን ስለሚያመለክት፣ በጠባቂው ተግባር ላይ ሥልጣንን ይጨምርበታል።

ስለዚህ «ፕሮቴክቶራዶ»ን «ጥበቃ» ብሎ መተርጎም ሥልጣኑን መሰወር ነው። «ሞግዚትነት»ም ለተባበሩት መንግሥታት የአደራ አስተዳደር የተለመደ በመሆኑ ያደናግራል። ቃሉን «ፕሮቴክቶሬት» ብሎ ተቀብሎ ፍቺውን በግልጽ መጻፍ ይሻላል።

በአማርኛና በፈረንሳይኛ የተጻፈው የ1889 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ውል የውጫሌን ውል ሽሮ የኢትዮጵያን ነፃነት ሲያረጋግጥ ስሙን ብቻውን አልተወውም፤ ፍጹምና ያለ ገደብ መሆኑን አከለበት። የመዝገበ ቃላት አዘጋጅም የረቂቅን ስም ፍቺ ሲጽፍ አድራጊው ማን፣ ተደራጊው ማን፣ ውሳኔውስ የማን እንደሆነ ሳይገልጽ ማለፍ አይገባውም እንላለን።