የጋሪ ፈረስና የሐዋሳ ጭቃ

ሐዋሳ በልዑል ራስ መንገሻ ሥዩም የሲዳሞ አስተዳዳሪነት ዘመን፣ በ1952 ዓ.ም. በሐይቁ ዳር ስትቆረቆር ሜዳማ መሬቷ ለጋሪ የተመቸ ነበር። ዳገት በማይበዛባት በዚህች ከተማ፣ አንድ ፈረስ የሚስበው ባለሁለት ጎማ ጋሪ ባጃጅ እስኪስፋፋ ድረስ ለብዙ ዓመታት የሕዝቡ ታክሲ ሆኖ አገልግሏል። ዳሩ ግን ለጎማ የተመቸው ሜዳ ውሃን በቶሎ የሚያሰናብት አልነበረም። አስፋልት ባልደረሰባቸው መንደሮች ክረምት በገባ ቁጥር መንገዱ ይላቁጣል፤ የፈረሱም እግር እስከ ቁርጭምጭሚቱ ርሶ ይውላል።

እርጥበቱ ሲሰነብት ከሰኮናው በላይ የሚወጣውን ቅርፊታም ቁስል እንግሊዞች «የጭቃ ትኩሳት» ይሉታል። ስሙ ያሳስታል፤ አብዛኛውን ጊዜ ትኩሳት የለውም፤ ጭቃም ብቻውን አያመጣውም። ዋነኛ መንሥኤዎቹ ባክቴሪያዎች ሲሆኑ፣ ከነዚህ አንዱን ዴርማቶፊለስ ኮንጎሌንሲስን ቫን ሳሴጌም የተባሉ የእንስሳት ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1915 በኮንጎ ከብቶች ላይ አግኝተው ገልጸውታል። ተሕዋሱ በደረቀ ቅርፊት ውስጥ ለወራት ይቆያል፤ ውሃ ሲያገኝ ዋናተኛ ዘሩን ይለቅቃል፤ ውሃ ባለሰለሰውና በተፋቀ ቆዳ በኩልም ይገባል።

ስለዚህ ሕክምናው ከማድረቅ ይጀምራል። ፈረሱ ደረቅ ስፍራ ያርፋል፤ በቁስሉ ዙሪያ ያለው ጠጉር ይከረከማል፤ ቅርፊቱ ለብ ባለ ውሃና በክሎርሄክሲዲን ለስልሶ ሳይደማ ይነሣል፤ እግሩም በንጹሕ ጨርቅ ፈጽሞ ይደርቃል። እግሩ ካበጠ ወይም ፈረሱ ካነከሰ አንቲባዮቲክ ማዘዝ የሐኪም ፈንታ ነው። ለመከላከልም ቢሆን ከሥራ መልስ አጥቦ እርጥቡን ከማሳደር፣ ጭቃው ሲደርቅ በብሩሽ ማራገፍ ይሻላል።

በአገራችን ግን የጋሪ ፈረስ የእግር ቁስል ሁሉ የጭቃ አይደለም። ጎበና አሜኒ እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ጥናት በ28 ከተሞች 19,082 የጋሪ ፈረሶች ተመርምረው 18.8 ከመቶው ኤፒዙቲክ ሊምፋንጃይቲስ ተገኝቶባቸዋል። ይህ በሻጋታ የሚመጣ ተላላፊ በሽታ በቁስል ገብቶ የሊምፍ ቧንቧን ተከትሎ እንደ ጨሌ የተደረደሩ እባጮችን ያወጣል፤ ሥር ከሰደደም መድኃኒት እምብዛም አይበግረውም። ይህን እንደ ተራ የጭቃ ቁስል ቆጥሮ ፈረሱን በሥራ ላይ ማቆየት የራሱን ሕይወትና የባለጋሪውን እንጀራ ብቻ ሳይሆን የጎረቤቱንም ፈረስ ለአደጋ ማጋለጥ ነው።

እንግዲህ የሐዋሳ ጋሪ ታሪክ ለመሐንዲስም የሚነግረው አለ። ክረምት ሳይገባ የተጠረገ ቦይ፣ መሐሉ ከፍ ብሎ ወደ ግራና ቀኝ የሚያዘቀዝቅ መንገድ፣ በጋሪ መቆሚያ ላይ የተደለደለ ቀይ አሽ ከማንኛውም ቅባት ቀድመው የፈረሱን እግር ይጠብቃሉ። የመንገድ ሥራ ሲነደፍ የሚታሰበው መኪናው ብቻ ሊሆን አይገባም፤ ጋሪ የሚሠራባቸው ከተሞቻችን ዛሬም ብዙ ናቸው።